ስለ ቦርደርላይን የስብዕና መታወክ ከጅማ ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ከዚህ በታች ያሉት ከጅማ ከተማና ከአካባቢዋ የቀረቡልኝ ጥያቄዎች ናቸው። በአእምሮ ሕክምና ሙያ የምሠራ እንደመሆኔ የማውቀውን እመልሳለሁ፤ ሆኖም ማንንም በጽሑፍ ብቻ መርምሮ ሕመሙ ይህ ነው ማለት እንደማይቻል ይታወቅልኝ።

ጥያቄ፦ የ22 ዓመት ልጄ ጠዋት «ያላንቺ ማን አለኝ» ብላኝ ስማኝ ትወጣለች፤ ከሰዓት ደውላ ስልኬ ዝግ ከሆነባት ግን «ጠልተሽኛል» ብላ ዕቃ ትሰባብራለች። ባይፖላር ነው የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው?

መልስ፦ ባይፖላርና ቦርደርላይን (ስሜትንና ከሰው ጋር ያለን ግንኙነት የሚያናጋ የስብዕና መታወክ) በቀላሉ ይምታታሉ፤ አንዳንዴም በአንድ ሰው ላይ አብረው ይገኛሉ። በባይፖላር የስሜቱ ከፍታም ሆነ ዝቅታ ብዙውን ጊዜ ለቀናትና ለሳምንታት የሚዘልቅ ሲሆን፣ በከፍታው ጊዜ ታማሚው ጥቂት ተኝቶ እንኳ ድካም አይሰማውም። በቦርደርላይን ግን ስሜቱ በሰዓታት ውስጥ ይገለባበጣል፤ መነሻውም አብዛኛውን ጊዜ ከሰው ጋር የተያያዘ ነው፤ ያልተመለሰ ጥሪ፣ የተሰረዘ ቀጠሮ ወይም የተኮሳተረ ፊት ይበቃል። ችግሩን በ1980 በመመርመሪያ መመሪያው ያካተተው የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር 9 ምልክቶችን ይዘረዝራል፤ መተውን አጥብቆ መፍራት፣ ሰውን ዛሬ ሰማይ ሰቅሎ ነገ መጣል፣ የማይለቅ የባዶነት ስሜትና ራስን መጉዳት ከእነዚህ መካከል ናቸው። ቢያንስ 5ቱ ለረጅም ጊዜና በተለያየ ሁኔታ መታየት ስላለባቸው፣ ዕቃ መሰባበሩ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም።

ጥያቄ፦ ጥፋቱ የእኔ የአስተዳደግ ይሆን?

መልስ፦ በዘር የሚወረስ ተጋላጭነትም በልጅነት የደረሰ በደልም ድርሻ አላቸው፤ ሆኖም በደል ሳይደርስባቸው የሚታመሙ አሉ። እናትን ብቻ መውቀስ ትክክል አይደለም፣ ልጅቱንም አያድናትም።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ጭቅጭቅ በተነሳ ቁጥር «ትተኸኝ ከሄድክ ራሴን አጠፋለሁ» ትለኛለች። ማስፈራሪያ ነው ብዬ ዝም ልበል?

መልስ፦ ዝም አይበሉ። ይህ ችግር ካለባቸው ሰዎች መካከል ሕይወታቸውን የሚያጡ ስላሉ፣ ንግግሩ ስንት ጊዜ ቢደጋገም እንደ አዲስ ሊሰማ ይገባዋል። ራሷን ለማጥፋት አስባ እንደሆነ በግልጽ ይጠይቋት፤ መጠየቁ ሐሳቡን አይፈጥርባትም። መድኃኒቶችንና የፀረ ተባይ ኬሚካሎችን ከቤት ያርቁ፤ አደጋው ቅርብ ከመሰለዎት ብቻዋን ሳይተዉ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷት።

ነገሩ ረገብ ካለ በኋላ ደግሞ የሚሠራ ሥራ አለ። በእኛ ከተማ መብራት ሲጠፋና ኔትወርክ ሲቋረጥ ስልክ አለመነሳቱ የተለመደ ነው፤ ለእርሷ ግን ያ ዝምታ የመተው ማስረጃ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «እስከ 11 ሰዓት ስብሰባ ላይ ነኝ፣ ኔትወርክ ባይኖር እንኳ ከ12 በፊት እገባለሁ» ብለው አስቀድመው ይንገሯት፣ ያሉትንም ይፈጽሙ። ስትቆጣም «ደግሞ ምን ሆንሽ» ከማለት «ስጠፋብሽ የተውኩሽ መስሎሽ ፈርተሻል» ማለት ይሻላል። ይህ ስሜቷን ማመን እንጂ ክሷን መቀበል አይደለም። ስድብና ድብደባን ግን መታገሥ የለብዎትም፤ «ስትሰድቢኝ ውጭ ወጥቼ ከግማሽ ሰዓት በኋላ እመለሳለሁ» ይበሉ፣ በተባለውም ሰዓት ይመለሱ። ቤተሰቦች ብዙ ጊዜ መውጣቱን ያስታውሱና በሰዓቱ መመለሱን ይዘነጋሉ።

ጥያቄ፦ ኪኒን የለውም?

መልስ፦ ሕመሙን ለይቶ የሚያድን መድኃኒት የለም፤ ኪኒን የሚታዘዘው በዋናነት አብሮ ላለ ድባቴ ወይም ጭንቀት ነው። ዋናው የንግግር ሕክምና ነው። ማርሻ ሊነሃን የተባሉት አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ባለሙያ ዲቢቲ የተባለውን፣ ኃይለኛ ስሜትን መቆጣጠርና መቋቋም የሚያስተምር የንግግር ሕክምና ቀርጸው የመጀመሪያውን የሙከራ ውጤት በ1991 አሳትመዋል፤ እኚሁ ሴት በወጣትነታቸው ራሳቸውን ይጎዱ እንደነበርና ሆስፒታል ተኝተው እንደታከሙ በ2011 በይፋ ተናግረዋል። የተሟላው ሕክምና በየቦታው አይገኝም፤ ቢሆንም በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ስላለ፣ መነሻው እዚያ ቢሆን ደግ ነው።

ጥያቄ፦ አማቶቼ ጸበል፣ ጎረቤቶቼ ዱዓ ይላሉ።

መልስ፦ ሁለቱንም የሚከለክል ሐኪም አላውቅም። ክትትልን ማቋረጥ፣ ማሰርና መምታት ግን ጉዳት ነው።

ጥያቄ፦ ታማሚው እኔ ነኝ፤ ተማሪ ነኝ። ጫት ስቅም ባዶነቱ ይለቀኛል። እድን ይሆን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ምርቃናው ሲወርድ የሚመጣው ድብርትና እንቅልፍ ማጣት ከሕመምህ ጋር ሲደመር ግብታዊነቱን ያብሰዋል፤ በጨብሲ ለማስታገስ ከሞከርክ ደግሞ አደጋው ይጨምራል። ለአጣዳፊ ሰዓት የዲቢቲ አንድ ዘዴ ልንገርህ፤ የልብ ችግር ከሌለብህ ትንፋሽህን ይዘህ ፊትህን ለ30 ሰከንድ ያህል ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ንከር፤ የልብ ምትህ ይቀንሳል፣ ለማሰብ ፋታ ታገኛለህ። ስለ መዳን ለጠየቅከኝ፣ ታማሚዎችን ለ10 ዓመትና ከዚያ በላይ የተከታተሉ ጥናቶች አብዛኞቹ የሕመሙን መስፈርት ማሟላት እንደሚያቆሙ አሳይተዋል፤ ትምህርት፣ ሥራና ጓደኝነት የሚስተካከሉት ግን ዘግየት ብለው ነው። ለሐኪም ቀጠሮህ የሳምንቱን ስሜትህንና የቃምክበትን ቀን በደብተር ጽፈህ ሂድ፤ ስለ ጫቱም ምንም አትደብቅ።