ከስብሰባው ማግስት፦ በታክሲ ውጡ፣ በእግር ውረዱ

ይድረስ ለሥራ ወደ አዲስ አበባ ለምትመላለሱ ወጣቶች፤

ከሐዋሳ፣ ከደሴ፣ ከጅማ ወይም ከድሬዳዋ ለሥልጠና ስትመጡ የምታውቁት ከተማ ብዙውን ጊዜ ከሆቴሉ እስከ አዳራሹ ያለውን መንገድ ብቻ ነው። ሦስት ቀን ተሰብስባችሁ፣ አበል ፈርማችሁ፣ በማግስቱ ሌሊት መናኸሪያ ትገኛላችሁ። ሥራችሁ ከዚህች ከተማ ጋር የተያያዘ ነውና እንደ መንገደኛ ብቻ አትለፏት። አንድ ቀን ጨምሩ፤ አንድ ጓደኛ ያዙ፤ አንድ መስመር ምረጡ። ለመጀመሪያ ጊዜ ይበቃል።

በቅድሚያ ሥራው ይዘጋ። ደረሰኞቻችሁን በአንድ ፖስታ ሰብስቡና ቀኑ፣ የመሥሪያ ቤታችሁ ስምና የገንዘቡ መጠን በትክክል መጻፉን አንድ በአንድ እዩ። ስሙ የተሳሳተ ደረሰኝ ካለ እዚያው እንግዳ መቀበያው ላይ ይታረማል፤ ተመልሳችሁ ሂሳብ ስታወራርዱ ከተገኘ ግን ከኪስ መክፈል ሊመጣ ይችላል። የጨመራችሁት ቀን በፈቃድ መሆኑን አለቃችሁ አስቀድሞ ይወቅ፤ የዚያን ቀን አልጋና ምሳ ከመሥሪያ ቤቱ ወጪ ጋር አይደባለቅ። ሻንጣውንና ላፕቶፑን ሆቴሉ ጋ በአደራ አስቀምጡ። የመሥሪያ ቤት ላፕቶፕ ያነገተ ሰው ሐሳቡ ከትከሻው አይወርድም።

አሁን ወደ መስመሩ። መሃል አዲስ አበባ ከሰሜን ወደ ደቡብ ተዳፋት ናት። ስድስት ኪሎ ከመስቀል አደባባይ ከመቶ ሜትር በላይ ከፍ ይላል፤ ከተማዋ ራሷ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ትበልጣለች። ከቆላ የመጣ ሰው ሳንባው ይህን ገና አልለመደም። የተለመደው ስሕተት ከለገሃር ተነስቶ ቸርችልን ሽቅብ መውጣት ነው፤ ፒያሳ ሲደርሱ ትንፋሽ አልቆ ካፌ ይገባል፣ ቀኑም እዚያው ያልቃል። እናንተ ጠዋት በታክሲ ስድስት ኪሎ ውጡና ቀኑን ሙሉ ቁልቁል ውረዱ።

ለሚኒባሱ ማታውኑ ዝርዝር ብር አዘጋጁ። በጠዋት ለረዳቱ ባለ 200 ብር ኖት መስጠት መልስ ፍለጋ መውረጃን ማሳለፍ ነው። ከመግባታችሁ በፊት «ስድስት ኪሎ ይደርሳል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ፒያሳ ወይም አራት ኪሎ ላይ የሚያራግፉት ብዙ ናቸው። ለመውረድ «ወራጅ አለ!» በሉ፣ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ፣ ከፌርማታው ትንሽ ቀደም ብላችሁ። መስኮት አጠገብ የተቀመጠ ሰው መስታወቱ ክፍት ከሆነ ስልክ አያውጣ፤ መኪናው መብራት ላይ ሲቆም ከውጭ እጅ ይገባል።

3 ሰዓት ላይ የሰማዕታቱ ሐውልት ሥር ሁኑ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በጣሊያኑ ገዥ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተወረወረው እዚሁ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ ነው፤ ከዚያ በኋላ በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ የወረደውን ጭፍጨፋ ሐውልቱ ላይ በዙሪያው የተቀረጹት ምስሎች ያሳያሉ። ዞራችሁ እዩአቸው፤ አንድ ጎን ብቻ አይታችሁ አትሂዱ። ቤተ መንግሥቱ ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ ነው፤ በሩ ላይ ፍተሻ ስላለ መታወቂያ ያዙ። ውስጡ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም አለ፤ የንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መኝታ ቤት እንኳ ሳይቀር ተጠብቆ ይታያል።

ከሙዚየሙ ሳትርቁ ደጁ ላይ ያለውን ደረጃ ፈልጉ። እየተጠማዘዘ ወደ ላይ ይወጣል፣ የትም አያደርስም። ጣሊያኖች ያቆሙት ነው፤ ሙሶሎኒ ሮም ላይ ሥልጣን ከያዘበት ከ1915 ዓ.ም. ጀምሮ ለእያንዳንዱ የፋሺስት ዓመት አንድ እርከን እያሉ። ጫፉ ላይ ግን የተቀመጠው አንበሳ የኛ ነው፤ ትንሽ ነው፣ ፊቱን ከታች ሆናችሁ በደንብ አታዩትም፤ ግን ያን ሁሉ እርከን ረግጦ ተቀምጧል። እርከኖቹን ቁጠሩ። ስለ አምስቱ ዓመት ብዙ ገጽ ያነበበም ቢሆን እዚህ ቆሞ ሲቆጥር ሌላ ነገር ይገባዋል።

ከዚያ ወደ አምስት ኪሎ ስትወርዱ ብሔራዊ ሙዚየሙን ታገኛላችሁ። አንድ ሰዓት ተኩል መድቡለት። ድንቅነሽ ምድር ቤት ናት፤ ከሁሉ በፊት ወደ እሷ ውረዱ፣ የተማሪ ቡድን ከመጣ በኋላ መስታወቱ አጠገብ መቆም አይቻልም። የምታዩት ቅጂውን ነው፤ ዋናው አጥንት በጥንቃቄ ተቀምጧል። በኅዳር 1967 ዓ.ም. አፋር፣ ሐዳር ላይ ተገኘች፤ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው፣ ከአፅሟ 40 በመቶ ያህሉ ተገኝቷል። ብዙ ሰው የራስ ቅሏን ፈልጎ ያጣና ቅር ብሎት ይወጣል። ዓይናችሁን ወደ ዳሌዋና ወደ ጉልበቷ አውርዱ። በሁለት እግር ቆማ መሄዷን የሚመሰክሩት እነሱ ናቸው። ከላይ ያሉትን ፎቆች እንደ ጉልበታችሁ እዩ።

ስለ ጓደኛ ደግሞ። አብሯችሁ የሚዞረው የአዲስ አበባ ልጅ ከሆነ፣ እሱ ወደሚውልበት ቦሌ ሊወስዳችሁ ይፈልጋል፤ ሙዚየሙን ምናልባት ያየው ከትምህርት ቤት ጋር በመጣ ጊዜ ነው። ስለዚህ መስመሩን ማታውኑ ተነጋገሩ። ክፍያንም እንዲሁ። ካሸሩ ፊት «በሞቴ፣ እኔ ነኝ የምከፍለው» መባባል አንዴ ደስ ይላል፤ በቀን አራት ጊዜ ሲሆን ግን አንዱ በልቡ መቁጠር ይጀምራል። ጠዋት እኩል አዋጡና ብሩን አንዳችሁ ይያዝ፤ ታክሲ፣ መግቢያ፣ ቡና፣ ምሳ ከዚያ ይከፈል። አበል የተቀበለው ጨመር አድርጎ ቢያዋጣ ነውር የለውም፤ ብቻ ጠዋት ይነገር።

አራት ኪሎ ስትደርሱ የሚያዝያ 27ን ሐውልት አይታችሁ ወደ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ግቡ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አፅም በ1993 ዓ.ም. ያረፈው እዚህ ነው፤ እቴጌ መነንም ከአጠገባቸው ናቸው። ጫማ ስለሚወልቅ ክሩ ብዙ የሆነ ቡትስ አታድርጉ፤ ሴቶች ነጠላ ያዙ። ቅዳሴ ላይ ከሆነ ለጉብኝት አትግቡ፤ እስኪያልቅ ግቢው ውስጥ የአርበኞቹን መቃብር እዩ። ከዚያ ስትወጡ ስልካችሁን ኪስ ክተቱ። በአራት ኪሎ ቤተ መንግሥት አካባቢ አጥሩንም ጥበቃውንም ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው፤ «አላወቅሁም» ማለት ሰዓት ያስበላል እንጂ አያድንም።

ወደ ፒያሳ የሚወስደው መንገድ ራስ መኮንን ድልድይ ድረስ ይወርድና ይወጣል። የቀኑ እውነተኛ ዳገት ይህ ብቻ ነው፤ ቀስ በሉ። ፒያሳን ከአሮጌ ፎቶ የምታውቁ ትደነግጣላችሁ፦ በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ ብዙ የቆየ ሰፈር ፈርሷል። ያዘነ ሰው አይፈረድበትም። የቀረውን ግን እዩ፦ ጊዮርጊስን፣ አጠገቡ በፈረስ ያሉትን ምኒልክን፣ የአገሪቱ የመጀመሪያ ሆቴል የሆነውን ጣይቱን። በየካቲት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያም እዚሁ ነው፤ እሱን ከብሔራዊ ሙዚየሙ ጋር በአንድ ቀን አታጣምሩ። ሰፊ ነው፤ በደከመ እግር ከገባችሁ ሕንፃውን ታያላችሁ እንጂ ታሪኩን አታዩም። ለሚቀጥለው ጉዞ ይቆይ።

ምሳ ረቡዕና ዓርብ ከሆነ በያይነቱ ነው፤ ከ6 ሰዓት ተኩል በፊት ግቡ፣ ከዚያ በኋላ ወንበር የለም። ቡናውን ቶሞካ ጠጡ። ከ1940ዎቹ ጀምሮ ቡና የሚቆላ ቤት ነው፤ ከፍ ባለ ጠረጴዛ ቆሞ ይጠጣል። ማኪያቶ ስታዙ ጠቆር ወይም ነጣ ያለ መሆኑን ተናገሩ። ለቤት የምትወስዱትንም እዚህ ግዙ፤ ግማሽ ኪሎ ይበቃል፣ ከተቻለ ሳይፈጭ ፍሬውን፣ የተፈጨ ቶሎ ሽታውን ያጣልና። በሕዝቡ መሃል ስትሄዱ ካርታ የሚያይ ሰው ግድግዳ ተጠግቶ ይቁም፤ ሌላው መንገዱን ይይ። ልብሳችሁ ላይ የሆነ ነገር ፈስሶ «ልጥረግልህ» የሚል ካጋጠመ ኪሳችሁን ይዛችሁ እለፉ፤ አንዱ ሲጠርግ ሌላው ይወስዳል።

ማዘጋጃ ቤቱን ከኋላችሁ አድርጋችሁ ቸርችል አናት ላይ ቁሙ። መንገዱ ቀጥ ብሎ እስከ አሮጌው ባቡር ጣቢያ ይወርዳል። ለገሃር የሚለው ስም ራሱ ከፈረንሳይኛ የመጣ፣ ባቡር ጣቢያ ማለት ነው። ከታች ወደ ብሔራዊ ቴአትር ጠጋ ስትሉ ሁለተኛውን አንበሳ፣ ባለ ማዕዘን የድንጋዩን፣ ታገኛላችሁ። ሦስተኛው ለገሃር ጣቢያው ፊት ነው። ጣሊያኖች ነቅለው ሮም ወስደውት ነበር፤ ኤርትራዊው ዘርአይ ደረስ በ1930 ዓ.ም. ጣሊያኖቹ ላይ ሰይፉን የመዘዘው እዚያ፣ ይህን አንበሳ በባዕድ አገር ባየ ጊዜ ነው። በኋላ ተመልሶ ቦታው ላይ ቆመ። እዚህ ለመቀመጥ አሥር ደቂቃ ቆጥቡ።

እንግዲህ እዚህ የምትደርሱት 10 ሰዓት ሳይሞላ ይሁን። ከ11 ሰዓት በኋላ የታክሲው ሰልፍ ይጠማዘዛል፤ ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ከሰዓት ዝናቡ አይቀርም፣ ሲጥል በስልክ የሚጠራው መኪናም ዋጋው ይጨምራል። ከጋራው ብር የተረፈውን እዚያው ተካፈሉ፤ ሻንጣችሁ ያለበት ሆቴል በሌላ አቅጣጫ ከሆነ ተሰናበቱና ለየብቻ ተሰለፉ።