የተቀላቀለ ፕላስቲክ ሳይለይ ወደ አዲስ ፕላስቲክ ይመለሳል ወይ?

የውሃ ጠርሙስ፣ ፌስታልና የውሃ ቱቦ ቁርጥራጭ በአንድ ጆንያ እንደተቀላቀለ በኬሚካል ዘዴ ወደ አዲስ ፕላስቲክ ይመለስ እንደሆነ ጠይቀዋል። በከፊል ይመለሳል። «ማሽናችን ሁሉንም ይቀበላል» የሚልዎትን ሻጭ ግን አይመኑ።

በሰፊው የሚነገርለት ዘዴ ፓይሮሊሲስ ነው። ፕላስቲኩ ኦክስጅን በሌለበት ዕቃ ውስጥ ከ400 እስከ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ ረጃጅም ሞለኪውሎቹ ይቆራረጡና ዘይት ይወጣል። ፌስታል ለዚህ ይመቻል። ዘይቱ ተጣርቶ ፔትሮኬሚካል ፋብሪካ ሲገባ ኢትሊን ይሆናል፤ ከኢትሊንም አዲስ ፕላስቲክ ይሠራል።

ችግሩ ያለው ቱቦው ላይ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ፒቪሲ የተባለው ክሎሪን ያለበት ፕላስቲክ ስለሆነ ሲሞቅ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይለቅቃል፤ አሲዱ የማሽኑን ብረት ይበላል፣ በዘይቱ ውስጥ የሚቀረው ክሎሪንም ቀጣዩን ፋብሪካ ይጎዳል። ትንሽ መጠን እንኳ ከባድ ጉዳት ታደርሳለች። ጠርሙሱ ደግሞ ፔት (PET) የተባለው የፕላስቲክ ዓይነት ነው፤ በሞለኪውሉ ውስጥ ኦክስጅን ስላለ ብዙ ዘይት አይሰጥም። ለእርሱ የሚሻለው በሜታኖል፣ ማለትም በአንድ የአልኮል ዓይነት፣ ወደ መሠረታዊ ውህዶቹ መበተን ነው፤ ኢስትማን የተባለው ኩባንያ በአሜሪካ ቴነሲ ግዛት፣ ኪንግስፖርት ከተማ ከ2024 ጀምሮ ይህን ይሠራል።

በእውነት የተቀላቀለውን ከሚቀበሉት መካከል በጃፓን ካዋሳኪ ከ2003 ጀምሮ የሚሠራው ፋብሪካ አለ። ፕላስቲኩን ወደ ጋዝ ይለውጣል፤ የሚያደንቁት ሥራ ነው። ሆኖም በመጨረሻ የሚወጣው አሞኒያ እንጂ ፕላስቲክ አይደለም። ከፓይሮሊሲስ የሚወጣውን ዘይት ለነዳጅ ማቃጠልንም እኔ መልሶ መጠቀም አልለውም።

ስለዚህ ቱቦውን ያውጡ፣ ጠርሙሱን ለብቻው ያድርጉ፤ የቀረው ፌስታል ያን ጊዜ ዋጋ ይኖረዋል።