ለቅሶውን እናውቅበታለን፤ ከለቅሶ በፊት ያለውንስ? (ጥያቄና መልስ)

ስለ ሞትና ስለ ሐዘን ጠይቁኝ ካልኩ ወዲህ የደረሰኝ ብዙ ነው። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ፣ ስማችሁን ትቼ እነሆ። ለማታውቁኝ፣ ነርስ ነኝ። ሐኪም ቤት «ከዚህ በላይ የምናደርገው የለም» ብሎ የሸኛቸውን ሕሙማን አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ለቤት እየዞርኩ ሳስታምም 16 ዓመት ሆነኝ። ነፍስ ወዴት እንደምትሄድ የጠየቃችሁኝ፣ እሱን የንስሐ አባታችሁን ወይም ሼኻችሁን ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ እናቴ 68 ዓመቷ ነው። የጨጓራ ካንሰር ነው፣ ተሰራጭቷል ተባልን። ወንድሞቼ «ከሰማች በድንጋጤ ትሞታለች» ብለው እንዳልነግራት አስማሉኝ። «ቁስለት ነው» ብለናታል። እሷ ግን ማታ ማታ እኔን ብቻ «ምን አሉ?» ትለኛለች። ምን ልበላት?

መልስ፦ ማታ ማታ፣ ያውም አንቺን ብቻ ነጥላ የምትጠይቅሽ ነገሩ ገብቷት ነው። ቀሚሷ እንደሰፋት ታያለች፤ እሷ ስትገባ ወሬ እንደምትቀይሩም ታያለች። በ16 ዓመት ውስጥ እውነቱን ሰምቶ በድንጋጤ የሞተብኝ ሰው የለም። ሌላ ነገር ግን አይቻለሁ። ልጆቻቸው «ሪህ ነው» ብለው የደበቋቸው አንዲት እናት አረፉ። ፍራሻቸው ሲነሳ ከስሩ በመሐረብ የተቋጠረ ነገር ተገኘ፦ የእድር ደብተራቸውና ከማን ስንት ብር እንደተበደሩ የተጻፈበት ወረቀት። ጽሕፈቱ የአሥር ዓመት የልጅ ልጃቸው ነበር። «ለእናትህ እንዳትነግር፣ ትደነግጣለች» ብለውት ልጁ ሁለት ወር ሙሉ ምስጢሩን ይዞ ኖሯል።

ቁጭ አድርገሽ አትዘርግፊባት። ስትጠይቅሽ «እማዬ፣ አንቺስ ምን ይመስልሻል?» በያትና ዝም በይ። «እግዜር ያውቃል» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ ካዞረች ዛሬ አልፈለገችም ማለት ነው፤ ተያት፣ ሌላ ቀን አለ። «ይሄስ የሚድንም አልመሰለኝ» ካለችሽ ግን አታስተባብዪ። «ሐኪሞቹም እንደዚያ ነው ያሉት። እኔ ከአጠገብሽ አልጠፋም፣ ሕመሙንም የሚያስታግሥ መድኃኒት አለ» በያት። ከወንድሞችሽ ጋር ግን አስቀድመሽ ተነጋገሪ፣ በኋላ «አንቺ ገደልሻት» እንዳይሉሽ። ንስሐ መግባት፣ ቀንዲል መቀባት፣ መናዘዝ፣ ከተኳረፉት ጋር መታረቅ ሁሉ አቅም ይፈልጋል፤ አቅሟ ያለው አሁን ነው።

ጥያቄ፦ አባቴ መብላት ካቆመ ሦስት ቀን ሆነው። እናቴ አጥሚት በማንኪያ በግድ ታግተዋለች። መጨረሻው መድረሱን በምን እናውቃለን?

መልስ፦ አጥሚቱን አቁሙ። ሰውነቱ ምግብ የሚቀበልበት ሁኔታ ላይ አይደለም፤ በግድ የገባው ወደ ሳንባው ሊሄድና ሊያንቀው ይችላል። እናትህ ግን እጇን አጣጥፋ መቀመጥ አትችልም፤ ማጉረስ ፍቅሯ ነው። ንጹሕ ጥጥ በውሃ እየነከረች ከንፈሩንና ምላሱን ታርጥብለት፣ ቫዝሊን ትቀባው። ሥራው የእሷ ይሁን።

ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው፦ ቀኑን ሙሉ ይተኛል፣ ሽንቱ ያንሳል፣ ይጠቁራል። እግሩና እጁ ይቀዘቅዛል፣ ጉልበቱ አካባቢ ቆዳው ይዥጎረጎራል። ትንፋሹ ፈጠን ፈጠን ይልና ጭራሽ ይቆማል፤ «አለቀ» ብላችሁ ስትጮኹ እንደገና ይጀምራል። ጉሮሮው ውስጥ ምራቅ ተጠራቅሞ ያንኮራፋል፤ ለሚሰማው ይከብዳል እንጂ እሱን አያስጨንቀውም፣ በጎኑ አዙራችሁ አስተኙት። ደግሞ አንድ ነገር፦ በአውሮፓውያኑ 2020 ካናዳ ውስጥ የወጣ ጥናት፣ መልስ መስጠት ያቆሙ ሕሙማን አንጎል በመጨረሻዎቹ ሰዓታትም ለድምፅ ምላሽ ሊሰጥ እንደሚችል አሳይቷል። የሚባለውን ይረዳል ማለት ባይሆንም፣ ራስጌው ቆማችሁ ስለ ድንኳንና ስለ ቀብር ቦታ አትማከሩ።

ጥያቄ፦ ለሕመምተኛችን ሞርፊን የሚባል የሕመም ማስታገሻ ታዘዘለት። ሱስ ያስይዛል፣ ቶሎም ይገድላል እያሉን ነው።

መልስ፦ በታዘዘው ልክ የተሰጠ ሞርፊን አይገድልም፤ በዚህ ደረጃ ላለ ሕመምተኛ የሱስ ነገርም አያሳስብም። ፈሳሹ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው በየ4 ሰዓቱ ነው፣ ሕመሙ እስኪነሳ ሳይጠበቅ። ሆድ ያደርቃልና የሚያለሰልስ መድኃኒት አብሮ ይታዘዝለት። በጣም የሚያናድደኝ ጠርሙሱ ሳይከፈት ቁም ሳጥን ላይ ተቀምጦ፣ ሰውየው እዚያው ሥር ሲያቃስት ማየት ነው።

ጥያቄ፦ እህታችን ሪያድ ሰው ቤት ትሠራለች። አባታችን ካረፈ ሦስት ሳምንት ሆነ፣ አልነገርናትም። ብቻዋን ናት፣ ራሷን ብትጎዳስ? ኮንትራቷ ሊያልቅ 8 ወር ቀርቷታል።

መልስ፦ ፍርሃታችሁ ይገባኛል። ግን 8 ወር ሙሉ በደወለች ቁጥር «አባባ የታለ?» ስትል «ተኝቷል»፣ «ቤተ ክርስቲያን ሄዷል» እያላችሁ ልትዘልቁት ነው? አንድ ዘመድ ፎቶውን «ነፍስ ይማር» ብሎ ፌስቡክ ላይ ቢለጥፍ አለቀ። የሰፈራችን ልጅ እንዲህ ተደብቆባት ከዓረብ አገር ተመለሰች። ቦሌ ሲቀበሏት እናቷ ጥቁር ለብሳለች። ሻንጣዋ ውስጥ ለአባቷ የገዛችው ጃኬት ነበር፣ ዋጋው እንኳ አልተነቀለም። ከሞቱ ይልቅ ውሸቱ አመማት፤ ከወንድሟ ጋር ሁለት ዓመት ሳይነጋገሩ ቀሩ።

የመርዶን ወግ እዩት። ለምንድን ነው በንጋት፣ ሰው ተሰብስቦ የሚነገረው? ሐዘንተኛው ተኝቶ ያደረ እንዲሆንና ሲወድቅ የሚይዘው እጅ እንዲኖር ነው። ይኸው ወግ በስልክም ይሠራል። እዚያ ያለች የቅርብ ጓደኛዋን ፈልጉ፣ እህታችሁ የምታርፍበትን ቀን ምረጡ፣ ጓደኛዋ አጠገቧ መሆኗን አረጋግጡና በቪዲዮ ደውሉ። የቤተሰቡ ታላቅ ይንገራት። «ታሟል» ብላችሁ አትጀምሩ፣ ትኬት ልቁረጥ ብላ ትዋከባለች። «አባባ አርፏል» በሏት። ከዚያ ስልኩን ሳትዘጉ አብራችኋት አልቅሱ።

ጥያቄ፦ ልጄ 5 ዓመቱ ነው። አባቱ ሲሞት «አሜሪካ ሄዷል» አልነው። አሁን እየጠየቀ አስቸገረኝ።

መልስ፦ አሜሪካ ስልክ አለ። አባቱ ካልደወለለት ልጁ የሚደርስበት ድምዳሜ አንድ ነው፦ «ተቆጥቶኛል»። ልጆች ሞት የማይመለስ፣ ሰውነት ሥራውን የሚያቆምበትና ለሁሉም የሚደርስ መሆኑን የሚረዱት በአብዛኛው ከ5 እስከ 7 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው፤ ስለዚህ ደጋግሞ ቢጠይቅሽ አይግረምሽ። «አባባ ሞቷል። ሰው ሲሞት አይተነፍስም፣ አይርበውም፣ አያመውም፣ ተመልሶም አይመጣም። አንተ ስላጠፋህ አይደለም» በይው። «ተኝቷል» አትበዪው፣ እንቅልፍ ይፈራል። «እግዚአብሔር ስለወደደው ወሰደው» ስትዪው ደግሞ ቀጥሎ አንቺን ይወድብኛል ብሎ ይሰጋል። ሰምቶሽ ኳሱን ይዞ ቢሮጥ አልገባውም ማለት አይደለም፤ ልጅ የሚያዝነው እንዲህ ቆራርጦ ነው።

ጥያቄ፦ ሐዘን አምስት ደረጃ አለው ሲባል አነበብኩ። እኔ ንዴቱ የሚባለው አልመጣብኝም። ምን ሆኜ ነው?

መልስ፦ ምንም አልሆንክም። የአእምሮ ሐኪሟ ኤሊዛቤት ኩብለር-ሮስ በአውሮፓውያኑ 1969 ስለ ደረጃዎቹ የጻፈችው ራሳቸው ሊሞቱ የተቃረቡ ሕሙማንን አነጋግራ ነው፤ ለሐዘንተኛ የተወሰደው በኋላ ነው። የሐዘን ተመራማሪዎቹ ማርጋሬት ስትሮብና ሄንክ ሹት በአውሮፓውያኑ 1999 ያቀረቡት ለእኔ ይበልጥ ይታየኛል፦ ሐዘንተኛ በሐዘኑና በኑሮው መካከል ሲመላለስ ይከርማል። ለቅሶ ቤት የተቀመጠ ሰው ይሄን ያውቀዋል። ጠዋት ደረት ሲመታ የነበረው ከሰዓት ድንኳኑ ጥግ ስለ ሟች ቀልድ ያወራል፣ ማታ ደግሞ ያለቅሳል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ከሞተ 14 ወር አለፈ። ዛሬም ምሳውን አስቀምጣለሁ። ልጆቼ «አበዛሽው» ይሉኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ ምሳ ማስቀመጡ ብቻውን በሽታ አይደለም። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በአውሮፓውያኑ 2022 የአእምሮ ሕመሞች መለያ መመሪያው ውስጥ ያስገባው የተራዘመ ሐዘን፣ ለአዋቂ ቢያንስ 12 ወር ካለፈ በኋላ ናፍቆቱ በየቀኑ ማለት ይቻላል እየጠና ኑሮን ሲያስቆም ነው። ከቤት መውጣት፣ መሥራት፣ ሰው ማየት ካቃተሽ የአእምሮ ሐኪም ጋ ሂጂ። «ምነው በተከተልኩት» የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ ግን ዛሬውኑ ለአንዱ ልጅሽ ንገሪውና ይዞሽ ይሂድ። ለሌሎቻችሁ ደግሞ፦ ከአርባው በኋላ የት ነው የምትጠፉት? በሦስተኛው ወር አንኳኩ።

ጥያቄ፦ ሙስሊም ጎረቤታችን ባሏ ሞተ። ምን ማድረግ አለብን?

መልስ፦ ቀብሩ አይዘገይምና ቶሎ ድረሱ። ተዕዚያው (ሐዘንተኛን የማጽናኛው ጊዜ) 3 ቀን ነው፤ ምግብ ሠርታችሁ ውሰዱ። ለባሏ የ4 ወር ከ10 ቀን ዒዳ (ባሏ የሞተባት ሴት ቤቷ የምትቆይበት የሐዘን ጊዜ) ስለምትቀመጥ ከገበያ የሚያስፈልጋትን ጠይቋት።

ጥያቄ፦ ለአባታችን ተዝካር 80 ሺህ ብር ልንበደር ነው።

መልስ፦ አትበደሩ። ፍትሐቱን አስፈቱ፣ ለነዳያን በአቅማችሁ አብሉ።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ መጀመሪያ ስለ እናቴ የጠየቅኩሽ ነኝ። ትናንት ማታ እንዳልሽኝ «አንቺስ ምን ይመስልሻል?» አልኳት። ብዙ ዝም ካለች በኋላ «እኔስ አውቄዋለሁ፤ ለወንድሞችሽ ግን እንዳትነግሪያቸው፣ ይደነግጣሉ» አለችኝ። አሁን ምን ላድርግ?

መልስ፦ እሑድ ቡና አፍዪና ወንድሞችሽን ጥሪያቸው። እሷ በተቀመጠችበት።