የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ እንቁራሪቶቹ ለምን ይሸሸጋሉ?

ጥያቄ፦ ለ9 ዓመት ልጄ ሁለት ትንንሽ የውሃ እንቁራሪቶች ገዛሁላት። ሻጩ «የአፍሪካ ድንክ እንቁራሪት ናቸው» ብሎኛል። ገንዳው 2 ጋሎን ነው፤ ባለቀለም ጠጠር፣ የፕላስቲክ ቤተ መንግሥትና ጠርዙ ላይ የሚንጠለጠል ማጣሪያ አለው። ቀኑን ሙሉ ማጣሪያው ሥር ተሸጉጠው ይውላሉ፣ ምግቡም ሳይነካ ይበሰብሳል። ልጄ እንድታያቸው ቤተ መንግሥቱን ላውጣው?
(ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

መልስ፦ ያውጡት፤ ግን በምትኩ ሌላ መሸሸጊያ ያስገቡ፣ ያውም ሦስት አራት። ድንክ እንቁራሪት በአቅራቢያው የሚገባበት ጥላ ካጣ ካለበት አይነቃነቅም። መሸሻው ሲበዛለት ግን ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዋኝ ያዩታል። ቤተ መንግሥቱ የሚወጣው በሌላ ምክንያት ነው። እነዚህ እንስሳት ውሃ ውስጥ ቢኖሩም የሚተነፍሱት በሳንባ ስለሆነ በየጊዜው ላይ ወጥተው አየር መሳብ አለባቸው፤ ጠባብ መስኮት ውስጥ የተቀረቀረ ታፍኖ ይሞታል።

በቅድሚያ ዝርያቸውን ያረጋግጡ። በፊት እግራቸው ጣቶች መካከል ስስ ቆዳ ካለ በእርግጥ ድንክ ናቸው። ጣቶቹ ለየብቻ ከሆኑ ዜኖፐስ የሚባለው ባለጥፍር እንቁራሪት ነው (ዘመዶቹ በኢትዮጵያ ደጋም አሉ)። የእሱ ሴት ከ10 ሴ.ሜ. በላይ ስለምታድግ ድንኮቹን ትውጣቸዋለች።

ለሁለቱ 10 ጋሎን፣ ማለትም 38 ሊትር ገደማ የሚይዝና ከፍታው 30 ሴ.ሜ. የሆነ ገንዳ ይግዙ። ጥልቅ ገንዳ አየር ፍለጋ ሲመላለሱ ያደክማቸዋል። ከውሃው እስከ ክዳኑ 4 ሴ.ሜ. ያህል ክፍት ይተዉ። ክዳን የግድ ነው፤ በማሞቂያው ሽቦ ቀዳዳ እንኳ ሾልከው ወለል ላይ ደርቀው ይገኛሉ።

ጠጠሩን ይጣሉት። ምግብ ሲጎርሱ አብረው ይውጡትና አንጀታቸው ይዘጋል። 2 ሴ.ሜ. ያህል የታጠበ ደቃቅ አሸዋ ይበቃል። የሚንጠለጠለው ማጣሪያ ውሃውን ስለሚያናውጥ በአየር ፓምፕ የሚሠራ የስፖንጅ ማጣሪያ ይሻላል። የድሮው ማጣሪያ ስፖንጅ ግን አይጣል፤ አሞኒያን (ከኩሳቸውና ከተበላሸ ምግብ የሚወጣውን መርዝ) የሚያስወግዱት ባክቴሪያዎች ያሉት እሱ ላይ ስለሆነ ለአንድ ወር ያህል አዲሱ ገንዳ ውስጥ ይቆይ። በቧንቧ ውሃ አይጠቡት።

ለመሸሸጊያ የአበባ መትከያ ሸክላ ለሁለት ሰንጥቀው ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ያለስልሱና ይድፉት። መግቢያው እንቁራሪቱ እንደልቡ የሚዞርበት ይሁን። ጃቫ ፈርን የተባለውን ተክል ድንጋይ ላይ በክር ይሰሩት፤ ግንዱ አሸዋ ውስጥ ከተቀበረ ይበሰብሳል። ላዩ ላይ ተንሳፋፊ ተክል ይጨምሩና የገንዳውን ጀርባና ሁለት ጎን በጥቁር ወረቀት ይሸፍኑ። መብራቱ በቀን ከ8 ሰዓት አይብለጥ። 50 ዋት ማሞቂያ ሙቀቱን ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ሴልሺየስ ያቆየዋል፤ ውሃ ሲቀይሩ ከሶኬቱ ይንቀሉት።

ክሎሪኑ እንዲወጣ ውሃውን በባልዲ ማሳደር በእናንተ አካባቢ አይሠራም። በሰሜን ቨርጂኒያ ቧንቧ ውስጥ አብዛኛውን ዓመት ያለው ክሎራሚን (ክሎሪንና አሞኒያ የተዋሃዱበት ጀርም ገዳይ) ስለሆነ በማሳደር አይወጣም። «ክሎራሚን ያስወግዳል» የሚል ማከሚያ ጠብታ ይግዙ፣ በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ይጨምሩ። በመጀመሪያው ወር አሞኒያውን በመለኪያ ኪት በየሁለት ቀኑ ይለኩ፤ በሊትር 0.25 ሚሊግራም ከደረሰ ሩቡን ውሃ ይቀይሩ። ከዚያ በኋላ በሳምንት ሩብ ይበቃል።

ምግቡ የሚበሰብሰው ጠግበው አይደለም። ዓይናቸው ደካማ ስለሆነ ምግብ የሚፈልጉት በማሽተት ነው፤ ውሃው ከተናወጠ ደግሞ ሽታው ይበተንባቸዋል። መብራቱን ያጥፉ፣ በረዶው የቀለጠ ብለድዎርም (ለዓሣ ምግብ የሚሸጥ ቀይ ትንሽ ትል) መርፌ በሌለው ስሪንጅ ትንሽ የሸክላ ሳህን ላይ ያውርዱ፤ ሁልጊዜ እዚያው ቦታ። ዘለው ሲጎርሱ ስተው ባዶ ውሃ ቢነክሱ አይደንግጡ። ለአንዱ የጭንቅላቱን ያህል፣ በሁለት ቀን አንዴ ይብቃው። በግማሽ ሰዓት ያልተበላውን በዚያው ስሪንጅ መጥጠው ያውጡ።

ጥያቄ፦ የእኔ እንቁራሪት እግሩን ዘርግቶ ላይ ተንሳፍፎ ይቀራል። ታሟል?

መልስ፦ ሲነኩት ፈጥኖ ከጠለቀ እያረፈ ነው። ሆዱ እንደ ኳስ ተነፍቶ መጥለቅ ካቃተው ግን የእንስሳት ሐኪም ይየው። የዓሣ መድኃኒት በራስዎ አይጨምሩ፤ መዳብ ያለበት ይገድለዋል።

ጥያቄ፦ ልጆች በእጃቸው ቢይዟቸው ችግር አለው?

መልስ፦ አይያዙ። የእንቁራሪቶቹ ቆዳ ሳሙናና ቅባት ይመጥጣል። ለልጆቹም ሳልሞኔላ (ተቅማጥና ትኩሳት የሚያመጣ ባክቴሪያ) ያሰጋል፤ ከ2009 እስከ 2011 በአሜሪካ 42 ግዛቶች 241 ሰዎች ከእነዚሁ ድንክ እንቁራሪቶች ጋር በተያያዘ ታመዋል፣ አብዛኞቹም ልጆች ነበሩ። ገንዳውን የነካ እጁን በሳሙና ይታጠብ። ዕቃውን በወጥ ቤት መታጠቢያ አይጠቡ፤ የወጣውንም ውሃ ሽንት ቤት ይድፉት። ከ5 ዓመት በታች ልጅ ባለበት ቤት ባይገዙ ይመረጣል።