ራኩን ከመግዛትህ በፊት ቴስቲናዋን እይ

አቦ፣ ለራክ፣ የመሪውን መዞር ወደ ጎማዎቹ ለሚገፋው ዕቃ ማለቴ ነው፣ ገንዘብ ለማውጣት አትቸኩል። ቪትዝህ ከደንገጎ ዳገት ስትወርድ መሪው ባዶውን እየዞረ ጎማው ዘግይቶ እንደሚከተል፣ መካኒኩም መኪናዋን ሳያነሳት «ራኩ ሄዷል» እንዳለህ ጽፈሃል። ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ድሬ ውስጥ ሲገጥመኝ አብዛኛውን ጊዜ ጣጣው ቴስቲና (ከራኩ የሚመጣውን ዘንግ ከጎማው ጋር የምታገናኘው መገጣጠሚያ) ሆኖ ነው የሚገኘው፣ እሷ ደግሞ ከራክ በጣም ትረክሳለች።

ጎማውን ቀጥ አርገህ ሜዳ ላይ አቁም። ቁልፉን ክፈተው፣ መሪው እንዳይቆለፍ። በሁለት ጣት ወዲህ ወዲያ በለው። ጎማው ሳይነቃነቅ የመሪው ጠርዝ ከ3 ሳንቲሜትር በላይ ከሄደ ጨዋታው (ልቅነቱ) በዝቷል። በፍጥነት ብቻ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ግን ባላንስ (የጎማ ክብደት ማመጣጠን) አሠራ፣ ወደ አንድ ወገን ከጎተተም መጀመሪያ የጎማ ንፋስ እይ።

ከዚያ ሰው ጥራ። መኪናዋ መሬት ላይ እንዳለች እሱ መሪውን በትንሹ ግራ ቀኝ ያወዛውዝ፣ አንተ ከጎማው ጀርባ እጅህን አስገብተህ ቴስቲናዋን ያዛት። ካለቀች ዓይንህ ባያየው እንኳ መዳፍህ ላይ ቀጭ ቀጭ ይላል፤ ዘንጉ ቀድሞ ይሄዳል፣ ጎማውን የሚያዞረው ክንድ ቆይቶ ይከተላል። ላስቲኳንም እይ። ከተቀደደች ግሪሱ ወጥቶ አሸዋ ገብቷል ማለት ነው፣ በተለይ የደቻቱን ወንዝ በአሸዋው እያቋረጥክ የምትመላለስ ከሆነ።

እሷ ጥብቅ ከሆነች ራኩ ጫፍ ላይ ያለውን የተሸበሸበ ላስቲክ ጨብጠህ እንደገና አስወዝውዝ፤ የውስጠኛው መገጣጠሚያ ካለቀ በላስቲኩ በኩል ይሰማሃል። ራኩ እንዳለ ግራ ቀኝ የሚንሸራተት ከሆነ የሚይዘው ጎሚኒ (ላስቲክ) ወይም ቡሎኑ ነው። ፔዳሉ አጠገብ ያለችውን የመሪ ዘንግ ክሮቼራም (የዘንጉን መታጠፊያ መገጣጠሚያ) አትርሳት።

አሁን በክሪክ አንሳትና ማቆሚያ አስገባ፣ ክሪክ ብቻውን አይታመንም። ጎማውን ላይና ታቹን ይዘህ ወዝውዘው። ከተጫወተ ሰውዬው ፍሬን ይርገጥ። ጨዋታው ከጠፋ ኩሽኔታ ነው፤ ካልጠፋ ቦል ጆይንቱን (ጎማውን ከታችኛው ክንድ ጋር የሚያያዘውን መገጣጠሚያ) ጠርጥር፣ እሱ ከሆነ ደግሞ ሳይቀየር ደንገጎን እንዳትሞክራት፣ ከወለቀ ጎማው ተገንጥሎ ይተኛል።

«ራኩን ላጥብቅልህ» የሚልህ አይጠፋም። ማጥበቂያ አለው፣ እውነት ነው። ግን ቴስቲና አልቆ እሱን ማጥበቅ መሪውን ከማክበድ በቀር ምንም አይፈይድም፤ ታጥፈህ ስትወጣ ራሱ አይመለስልህም፣ ጨዋታው ግን እዚያው ነው።

ዕቃ ስትገዛ የድሮዋን ይዘህ ሂድ። ስትፈታት ስንት ዙር እንደወጣች ቁጠር፣ አዲሷን በዚያው ልክ አስገባ፣ የዳዶዋን መቆለፊያ ሽቦ አዲስ አድርግ። ሁለቱንም ጎን ቀይር ይሉሃል፤ ሌላኛዋ ጥብቅ ከሆነች ላስቲኳም ደህና ከሆነ እኔ አልነካትም። አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል) ግን የግድ ነው፣ ካልተሠራ አዲሱን ጎማ ባንድ ጎን ይበላዋል። ከአላይመንት ወጥተህ መሪው ተጣሞ መኪናዋ ቀጥ የምትሄድ ከሆነ እዚያው መልሳት፣ ሳያስተካክሉ አትቀበል።