የሥራ ፒክአፕ የቤተሰብ ትሬይለር ሲጎትት ኢንሹራንሱ እስከ የት ይሄዳል?

ሰላም ወንድሜ፣ እንኳን ደስ አለህ፤ ትሬይለሩ፣ ማለት በመኪና የሚጎተተው የካምፕ ቤት፣ የደስታ ያድርግላችሁ። ጥያቄህ ገብቶኛል። ፒክአፑ በኤል ኤል ሲህ፣ ማለት በንግድ ድርጅትህ ስም ነው፣ ኢንሹራንሱም የንግድ ነው። ትሬይለሩን ግን ልጆቹን ይዘህ ካምፕ ለመውጣት በራስህ ስም ገዛኸው። አሁን "የፒክአፑ ኢንሹራንስ ይበቃል ወይስ መኪናውን ወደ ግል ፖሊሲ (የኢንሹራንስ ውል) ላዙረው? እሱ ይረክሳል አሉኝ" ነው ያልከው። በራሴ ደርሶ ያየሁት ነገር ስለሆነ ትንሽ ላራዝምብህ።

እኔም እንዳንተው ኮሎራዶ፣ አውሮራ ነኝ፣ ሥራዬ ቀለምና ሴራሚክ ነው። ፎርድ ኤፍ 250 አለኝ፣ በኤል ኤል ሲ ስም። የዛሬ ሦስት ዓመት ያገለገለ ባለ 24 ጫማ ትሬይለር ገዛሁና ለኤጀንቴ፣ ኢንሹራንሱን ለሸጠልኝ ሰው፣ ደወልኩ። "ከመኪናው ጋር እስከተያያዘ ድረስ ሽፋን አለህ፣ አታስብ" አለኝ። እውነቱን ነው፣ ግን ግማሹን ብቻ ነው የነገረኝ።

ኦገስት ላይ ተራራው ላይ ካለችው ከዲለን ከተማ ስንመለስ ነዳጅ ልቀዳ ገባሁ። ትሬይለር ሲታጠፍ የኋላ ጎማው ወደ ውስጥ እየቆረጠ ይመጣል። አንተ ታውቅ ይሆናል፣ እኔ ያን ቀን ነው ያወቅሁት። ከፓምፑ ጎን የቆመው ቢጫ የብረት ምሰሶ ትሬይለሩን ከበሩ ጀምሮ እስከ ጎማው ቀደደው። ምሰሶውም ዘመመ። ባለቤቴ አንድ ቃል አልተነፈሰችም፤ ብትቆጣኝ ይሻል ነበር። ለኢንሹራንሱ ሳመለክት ለምሰሶው ያለ ብዙ ጭቅጭቅ ከፈሉ። ለትሬይለሩስ? "እሱ ፖሊሲህ ላይ የለም።" 4,800 ዶላር ከኪሴ ወጣ።

ነገሩ ሲገባኝ እንዲህ ነው። ላየቢሊቲ፣ አገር ቤት ሦስተኛ ወገን የምንለው፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚጎትተውን መኪና ተከትሎ ነው የሚሄደው። ስትጎትት ሰው ወይም ንብረት ብትጎዳ የሚጠየቀው የፒክአፑ ፖሊሲ ነው። የትሬይለሩ የራሱ አካል ግን ለብቻው ካልተገባለት ማንም አይከፍልልህም። ከሂቹ፣ ከፒክአፑ ኋላ ካለው ማያያዣ፣ ፈተኸው ካምፕ ካቆምከው ደግሞ የፒክአፑ ላየቢሊቲም አይከተለውም። የትሬይለርህ ጥላ በንፋስ ተነቅሎ የጎረቤትህን መኪና ቢመታ፣ ጣጣው ያንተው ነው።

የንግድ ፖሊሲ ደግሞ ሌላ ጉድ አለው። ብዙ ኩባንያዎች የሚጠቀሙበት መደበኛ ቅጽ በራሱ የሚሸፍነው ትንንሽ ትሬይለሮችን ብቻ ነው። የድሮው እትም የመጫን አቅሙ እስከ 2,000 ፓውንድ የሆነ ይላል፤ አዲሱ እትም የተመዘገበ ጠቅላላ ክብደቱ እስከ 3,000 ፓውንድ። የኔ ትሬይለር 7,000 ነው! በኋላ ፖሊሲዬን ቁጭ ብላ ያነበበችልኝ ሌላ ኤጀንት "ለምሰሶውም ቢከራከሩህ ኖሮ ረጅም ጊዜ ትደክም ነበር፣ ዕድለኛ ነህ" አለችኝ።

ወደ ግል ፖሊሲ ማዞሩን ግን አልመክርህም። አንደኛ ነገር ታይትሉ (የባለቤትነት ወረቀቱ) የድርጅት ነው፣ የግል ፖሊሲ የሚፈልገው ሰው ነው። ደግሞ የተለመደው የግል ፖሊሲ ፒክአፕ የሚቀበለው ጠቅላላ የተፈቀደ ክብደቱ ከ10,000 ፓውንድ ካልበለጠ ነው፤ ዕቃ የማመላለስ ሥራም መሥራት የለበትም። ለጥገናና ለገጠማ ሥራ መሣሪያ መያዝን አንዳንዴ ያልፉታል፣ ግን መኪናው ከኔው ከፍ ያለው ኤፍ 350 ከሆነ ክብደቱ ላይ ልትወድቅ ትችላለህ። "ለሥራ አልጠቀምበትም" ብሎ ማስሞላትማ አይሞከርም። አደጋ ሲደርስ ፎቶ ያነሳሉ፣ መሰላል መስቀያው ፎቶው ላይ አለ።

ሌላም አለ። የንግድ ፖሊሲ ብዙ ጊዜ የ1 ሚሊዮን ዶላር ላየቢሊቲ ይዞ ነው የሚመጣው። የኮሎራዶ ሕግ የሚያስገድደው ዝቅተኛ መጠን ለአንድ ሰው ጉዳት 25,000፣ ለአንድ አደጋ 50,000፣ ለንብረት 15,000 ነው። ከአይዘንሃወር ዋሻ፣ ከ11,000 ጫማ በላይ ከፍታ ላይ ሆነህ፣ 7,000 ፓውንድ ከኋላ እየገፋህ ስትወርድ የትኛውን መያዝ እንደምትፈልግ ራስህ ፍረድ። ለዚያ ቁልቁለት የትሬይለሩን ፍሬን መቆጣጠሪያ አስገጥም፤ ለኢንሹራንሱ ሳይሆን ለነፍስህ።

አሁን እኔ ያደረግሁት፦ ፒክአፑን በንግድ ፖሊሲው ተውኩት። የቤተሰብ ትሬይለር እንደምጎትትበት በኢሜይል አሳወቅሁ፤ ለዚህ ተብሎ ብዙም አልጨመሩብኝም። ባለቤቴንም በሹፌርነት አስመዘገብኳት። ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ፖሊሲው ላይ የሠራተኞች ስም ብቻ ተጽፎ ሚስት መንገድ ላይ መሪውን ትቀበላለች። የግል መኪና ኢንሹራንስ ጭራሽ ከሌለህም፣ የሰው መኪና ስትነዳ የሚሸፍንህ ተጨማሪ ውል ስላለ ጠይቅ።

ለትሬይለሩ ደግሞ በራሴ ስም የአር ቪ (የካምፕ ተሽከርካሪ) ፖሊሲ ገዛሁ፣ በወር 46 ዶላር። ኮሊዥንም (ለግጭት)፣ ኮምፕሪሄንሲቭም (ለስርቆት፣ ለእሳት፣ ለበረዶና ለመሳሰለው) አለው። እዚህ አገር በረዶውን ታውቀዋለህ፤ በ2017 ሜይ 8 ዴንቨር አካባቢ የወረደው የስንቱን መኪና ጣሪያ እንደ ወንፊት እንዳደረገው የሚያስታውስ ያስታውሳል። ኮምፕሪሄንሲቭ ከሌለህ ለበረዶ ምንም የለህም። ሲጠፋ ወይም ሲወድም የሚከፍሉህ በዕለቱ ዋጋ ነው ወይስ አስቀድሞ በተስማማችሁበት ዋጋ ነው የሚለውን አስረግጠህ ጠይቅ፤ ትሬይለር ዋጋው ቶሎ ይወድቃል። ቆሞ ሳለ የሚሠራ ላየቢሊቲም ይኑረው። መንገድ ላይ ከተበላሸህ ትሬይለሩንም ይጎትቱልህ እንደሆነ አጣራ፤ የኔ የድሮው ውል ፒክአፑን ብቻ ነበር የሚያነሳው።

የሥራ ዕቃ ትሬይለሩ ውስጥ አታስቀምጥ። አንድ ሁለት ባልዲ ቀለም ካገኙበት "የንግድ ነው" ብለው ይከራከሩሃል። ከፒክአፑም ላይ አራግፍ። ሂቹ ላይ የሚያርፈው ክብደት ከትሬይለሩ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ ነው፤ የኔው እስከ 1,000 ፓውንድ ሊደርስ ይችላል ማለት ነው። የሴራሚክ መቁረጫውና የመሣሪያ ሳጥኑ ሲጨመሩ፣ በሹፌር በር በኩል የተለጠፈው የመጫን አቅም ሳታስበው ያልቃል።

ለኤጀንትህ እንዲህ ብለህ ጻፍ፦ "በድርጅቴ ስም ባለው ፒክአፕ፣ በግል ስሜ ያለ ይህን ያህል የሚመዝን ትሬይለር ለመዝናኛ እጎትታለሁ፤ አንዳንዴ ባለቤቴ ትነዳለች፤ ምን ይሸፈናል፣ ምን አይሸፈንም?" መልሱንም በጽሑፍ ጠይቅ። በስልክ "አታስብ" ካለህ፣ እኔም እንደዚያ ነበር የተባልኩት።

ነዳጅ ደግሞ ከመውጣትህ በፊት ማታውኑ ቅዳ፣ ትሬይለሩን ሳታያይዝ።