የረጋ ደም ይቀልጣል፣ ይሟሟል ወይስ ይፈታል?

ጥያቄ፦ አዳማ የምማር የነርሲንግ ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ጽሑፌ «በህብለ ሰረሰር ፈሳሽ ውስጥ ያሉ የረጋ ደም የሚያቀልጡ ኢንዛይሞች» ብዬ ርዕስ ሰጠሁ። ጓደኛዬ «የሚያሟሙ በል» አለኝ። ማናችን ልክ ነን?

መልስ፦ ጓደኛህ ይሻላል፤ ግን እሱም አልደረሰበትም። ቅቤ ይቀልጣል፣ ሰም ይቀልጣል፣ እርሳስ ይቀልጣል። ሁሉም ሙቀት ሲነካቸው ነው። ኢንዛይም ግን እሳት አይደለም። «የቀለጠ ትርጉም ዛሬ ሰፍቷል፣ ጭፈራውም ቀለጠ ይባላል፣ ምን አንገበገበህ?» የሚሉኝ አሉ። ጭፈራው ይቅለጥ፤ ደሙን ተዉት።

«የረጋ» ያልከው ግሩም ነው። ግዕዙ ረግዐ ነው። እርጎ፣ እርጋታ፣ መረጋጋት ሁሉ የዚያው ሥር ልጆች ናቸው። እዚያው አዳማ ኦሮምኛ የሚናገር ጓደኛ ካለህ ጠይቀው፤ የረጋው ወተት ኢቲቱ ነው፣ ረጋ ለማለትም ኢቲቴ ይላል። ዝምድና የሌላቸው ቃላት ናቸው፣ ሐሳቡ ግን አንድ ነው። ከጥያቄህ ወጣሁ መሰለኝ።

ወደ ኢንዛይሙ ስንመለስ፣ ፕላስሚኖጅን የሚባል ያልነቃ ፕሮቲን በደም ውስጥ ይዞራል፤ ቲፒኤ የሚባል ኢንዛይም ሲያነቃው ፕላስሚን የተባለ ኢንዛይም ይሆንና ደሙን አስሮ የያዘውን ፋይብሪን የተባለ የክር መረብ ይቆራርጠዋል። ስኳር ሻይ ውስጥ ቢሟሟም ስኳርነቱን አይለቅም። ፋይብሪን ግን ይበጣጠሳል፤ ከቁርጥራጮቹ አንዱን ዲዳይመር ብለው ላቦራቶሪ ውስጥ ይለኩታል። ስለዚህ «አሟሚ»ም ልክ አይመጣም። እኔ የምወደው «የረጋ ደም ፈቺ» ነው። ፈታ ከግዕዙ ፈትሐ ይመጣል፤ ፍትሕም ፍቺም ከዚያው ናቸው። «የተፈታ ክር እኮ አይቆረጥም» ትለኝ ይሆናል። እውነትህን ነው። ጆሮዬ ግን ወዶታል፣ አልለቅም።

የባሰው ሌላ ነው። እዚያው አዳማ ፍራንኮ አካባቢ አንድ ፋርማሲ በር ላይ ቁም። «ደም ማቅለጫ ስጠኝ» ያለው ሰውዬ አስፒሪን ይዞ ይወጣል፤ «ደም ማቅጠኛ» ያለውም እንደዚያው። አስፒሪንም ዋርፋሪንም የረጋ ደም አይፈቱም፣ ደሙንም ውሃ አያደርጉትም፤ አዲስ እንዳይረጋ፣ የረጋውም እንዳያድግ ነው የሚከላከሉት። ፈቺው አልቴፕሌዝን የመሰለው ነው፤ አሜሪካ በ1996 እ.ኤ.አ. ለስትሮክ የፈቀደችው፣ ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ የሚሰጥ መድኃኒት። ያውም የአንጎል ደም መፍሰስ አለመኖሩ በሲቲ ስካን ከታየ በኋላ። እዚህ ላይ የቃል መደበላለቅ ቀልድ አይደለም።

ርዕስህ ውስጥ ሌላም ነገር አለ። የህብለ ሰረሰር ፈሳሽ ያልከው፣ አንጎልንና ህብለ ሰረሰርን የከበበው ውሃ፣ አዋቂ ሰው ላይ ወደ 150 ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ ሰው «ከጀርባው ውሃ ተወሰደ» የሚለው እሱን ነው። በጤና ጊዜ ደም የለበትም፤ ታዲያ ምኑ ይረጋል? በማጅራት ገትር ወይም መልቲፕል ስክለሮሲስ በሚባለው የነርቭ በሽታ በደምና በአንጎል መካከል ያለው አጥር ሲሳሳ ነው የደሙ ፕሮቲኖች ሾልከው የሚገቡት፣ ተመራማሪዎችም እነቲፒኤን እዚያ የሚለኩት። ቲፒኤን ደግሞ የነርቭ ሴሎች ራሳቸው ይሠሩታል፣ ለሌላ ሥራም ይጠቀሙበታል። ስለዚህ ኢንዛይሙ ስሙን ያገኘው ደም ውስጥ በሚሠራው ሥራ ነው፤ ይህን መግቢያህ ላይ አንድ መስመር ጻፍለት።

«ህብለ» ያልከውንም አላልፈውም። ሐብል በግዕዝ ገመድ ነው፣ ዐረብኛውም ሐብል ነው። ከዘርፉ ጋር ሲናበብ ሐብለ ሰረሰር ይሆናል፤ በሐመሩ ሐ፣ ያውም በግዕዙ ፊደል። በብዙኃኑ ኅ የሚጽፉት ከኅብረት ጋር ሊያዛምዱት ፈልገው ካልሆነ በቀር ምክንያታቸው አይገባኝም። በሃሌታው «ህብለ» የሚለው ግን በየጽሑፉ ተንሰራፍቷል፤ መምህርህም ያንኑ ሳይጠብቅ አይቀርም። እንግዲህ ጻፈው፣ ምን አደርጋለሁ። «የሚያቀልጡ» የሚለውን ግን ሰርዝ።